ባዶ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ጀሪካን፦ የትኛው ለምን ይሆናል? ሽታውስ እንዴት ይለቃል?

ጓዳ_ጠባቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጓዳችን በባዶ ዕቃ ተሞልቷል፤ ለቆራሌው ከመስጠቴ በፊት የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ፈልጌ ነው። ያለው ይህ ነው፦ የማርማላታና የማር ጠርሙስ 15 ገደማ (የብረት ክዳን ያለው)፣ የፈጣን ቡና ብልቃጥ 4 (የፕላስቲክ ክዳን)፣ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ቃሪያ የነበረበት ትልቅ ጠርሙስ 2፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ 3፣ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን 4፣ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ደግሞ ብዙ።

የዓመቱ በርበሬና ሽሮ ሊፈጭ ነው፤ ቅቤም ይነጠራል። ምስርና ሽምብራም አለ፤ ነቀዝ እያስቸገረ ነው። የምጠይቀው፦
የትኛውን ዕቃ ለየትኛው ላድርግ? የቃሪያው ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ታጥቦም ይሸታል፤ ምን ይሻለዋል? የሌብሉ ሙጫስ በምን ይለቃል? በርበሬ ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥ የሚጓጉለው ለምንድን ነው?
አመሰግናለሁ፣ እህታችሁ።


ወጥ_ቤት፦

እህቴ፣ ከሽታው ልጀምር፤ የብዙው ችግር ምንጭ እሱ ነው። መስታወት ሽታ አይዝም። የሚሸተው ክዳኑ ነው። የብረት ክዳኑን ገልብጠሽ ብታዪው ዳር ዳሩን የዞረ ለስላሳ ቀለበት አለ፤ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ጠርሙሱን ግጥም አድርጎ የሚዘጋው ያ ቀለበት ነው፤ የዘይቱን፣ የነጭ ሽንኩርቱንና የአቼቶውን ሽታ ጠጥቶ የሚያስቀረውም እሱ ነው። ጠርሙሱ አሥር ጊዜ ቢታጠብ ክዳኑ እስካልጸዳ ድረስ የምታስቀምጪበት ሽሮ ቃሪያ ቃሪያ ይላል። ለማረጋገጥ ሁለቱንም አጥበሽ አድርቂና ለየብቻ አሳድሪያቸው፤ ጠዋት ጠርሙሱንም ክዳኑንም በየተራ አሽትቺ።

ክዳኑን የምታጸጂው እንዲህ ነው። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ 1 ሊትር ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጪ፤ ክዳኖቹን ሌሊቱን ዘፍዝፊ። ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀለበቱንና የክዳኑን ጥርስ ፈግፍጊ፣ አለቅልቂ፣ ከዚያ ውስጡን ወደ ላይ አድርገሽ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጪው። እሳት ላይ ጥደሽ ለረጅም ጊዜ አታፍዪው፤ ቀለበቱ ይላላና መግጠም ያቆማል። ከሁለት ዙር በኋላም ከሸተተ ያ ክዳን ለምግብ አይሆንም፤ ጠርሙሱን በአዝራር፣ በሚስማር ወይም በክር ሙዪው። መጠኑ እኩል የሆነ ሌላ ክዳን ካለሽ ግን ጠርሙሱ ራሱ ምንም የለውም።

ቀለበቱ የተቆረጠ፣ ጥርሱ የዛገ ወይም ጠርዙ የተጣመመ ክዳንን ከመጀመሪያው ጣዪው። የቀረውን በውሃ ፈትኚ፦ ጠርሙሱን እስከ ግማሽ ውሃ ሞልተሽ ግጥም አድርጊና ጋዜጣ ላይ በአፉ ደፍተሽ 10 ደቂቃ ተዪው። ጋዜጣው ከረጠበ ለደረቅ ቅመም እንኳ አይታመንም፤ ውሃ የሚያስወጣ ክዳን እርጥብ አየርም ያስገባል። የክዳኑ መሐል ላይ ያለችው ሲጫኗት ቀጭ የምትል እብጠት ለፋብሪካው እሽግ ብቻ የተሠራች ናት። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ስለ ውስጡ ምግብ ደኅንነት ምንም አትናገርም።

ጠርሙሱን ራሱን ስትመርጪ አፉን በናይለን ጨርቅ ወይም በጥጥ ዙሪያውን አብሺው። ጨርቁን የያዘበት ቦታ ካለ ተሸርፏል ማለት ነው፤ ቅንጣት መስታወት ምግብ ውስጥ ይገባልና አይያዝም። ባዶውን ስታስቀምጪ ደግሞ ክዳኑን አትግጠሚ። ባዶ ተዘግቶ የከረመ ጠርሙስ ንጹሕ ቢሆንም የታፈነ ሽታ ያመጣል።

ሌብሉን፦ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ ወረቀቱ ይላጣል። ለሚቀረው ሙጫ 1 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይትና 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ለውሰሽ ቀቢው፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተሽ በጨርቅ እሺውና በሳሙና እጠቢው። ላምባና ቤንዚን ሙጫውን ያነሡታል፤ ግን ለምግብ ዕቃ አይነኩም። የድስት ሽቦም አትጠቀሚ፤ መስታወቱን ይጭረዋል፣ ሙቅ ነገር ሲገባበት ስንጥቁ የሚነሣው ከጭረቱ ነው።

ወደ በርበሬው ልሂድ። የሚጓጉለው በእርጥበት ነው፤ እርጥበቱ የሚገባው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከወፍጮ ቤት ነው። በርበሬ ሲፈጭ ይግላል፤ በዚያው ሙቀት ጠርሙስ ውስጥ ከገባና ከተዘጋ ያልበዋል፤ ላቡ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና የላይኛው በርበሬ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ከወፍጮ እንደመጣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሰፌድ ላይ ስስ አድርገሽ ዘርግተሽ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ እጅሽን ስትከቺበት ከመሐሉ ምንም ሙቀት መሰማት የለበትም። ሁለተኛው መግቢያ ምድጃው ነው። ጠርሙሱን ከሚንተከተከው ድስት በላይ ይዞ በማንኪያ መቅዳት እንፋሎቱን ቀጥታ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በደረቅ ማንኪያ ወደ ሳህን ቀድተሽ፣ ጠርሙሱን ዘግተሽ፣ ከዚያ ከሳህኑ ወደ ድስቱ ጨምሪ።

በትናንሽ ጠርሙስ መክፈሉ ከአንድ ትልቅ ይሻላል። የአንድ ሊትር ጠርሙስ ተጠቅጥቆ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ገደማ በርበሬ ይይዛል። እስከ አፉ ሙዪው፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይከፈት። ብርሃን ቀለሙን ስለሚያነጣው የጓዳው ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ ጓዳው ብርሃን ካለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮሽ ለዚህ ነው የሚሆነው፤ ትንሹን ጠርሙስ ከነክዳኑ ቆርቆሮው ውስጥ ክተቺው። በርበሬው ውስጥ ሻጋታ ከታየ ግን የተበላሸውን አንሥቶ የቀረውን ማሰጣት መፍትሔ አይደለም። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በፀሐይም በማብሰልም አይጠፋም፤ ያ ጠርሙስ በሙሉ ይጣላል።

ለንጥር ቅቤ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ነው። እዚህ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ ብዙ ጥፋት ታመጣለች። ቅቤ ስናነጥር ውሃውንና አይቡን ነው የምናስወጣው፤ ሳይበላሽ የሚከርመውም ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረች ጠብታ ከቅቤው ስለምትከብድ ከታች ትቀመጣለች፤ ሻጋታውና መጥፎው ጠረን የሚጀምረው እዚያ ነው። ዓይን ጠብታዋን ላያይ ይችላል፤ ደርቋል ያልሽውን ጠርሙስ ክዳኑን ገጥመሽ ፀሐይ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቁሚው። ውስጡ ጉም ከለበሰ ገና አልደረቀም።

ሙቀቱንም ጠብቂ። የማርማላታ ጠርሙስ እሳት ለመቻል አልተሠራም፤ ሲነጠር ከ100 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ቅቤ ድንገት ሲገባበት ታቹ ክብ ሆኖ ይላቀቃል። ቅቤው የድስቱን ጎን ለሁለት ሦስት ሰከንድ በእጅ መያዝ እስኪቻል ይቀዝቅዝ። ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አሙቂው፤ በደረቅ እጥፍ ጨርቅ ላይ እንጂ በቀዝቃዛ ድንጋይ ወይም በእርጥብ ገበታ ላይ አታስቀምጪው። 2 ሳንቲ ሜትር አጉድለሽ ሙዪና ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ክደኚው።

የቡና ብልቃጦቹ ለኮረሪማ፣ ለጥቁር አዝሙድ፣ ለጨው ናቸው። የፕላስቲክ ክዳናቸው ተጭኖ የሚገጥም ስለሆነ ለቅቤና ለማር አይታመንም።


ላብራቶሪ_ሰው፦

ወጥ_ቤት የመስታወቱን በደንብ ስላስረዳች ወደ ፕላስቲኩ ልለፍ። ከእያንዳንዱ ፕላስቲክ ሥር ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር አለ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት ይናገራል እንጂ ለምግብ ይሆናል ማለት አይደለም። ቁጥር 2 የወተት ጠርሙስም፣ የሞተር ዘይት ጀሪካንም፣ የፀረ ተባይ ዕቃም ይሠራበታል። ለምግብ መሠራቱን የሚነግረው የብርጭቆና ሹካ ምልክት ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ዋናው ጥያቄ ከዚህ በፊት ምን ነበረበት የሚለው ነው።

ሃይላንዱ ቁጥር 1 ነው። ከ70 ዲግሪ ሲያልፍ መለስለስና መኮማተር ይጀምራል። ስለዚህ የፈላ ሻይ፣ ሙቅ ቅቤ፣ ትኩስ ሾርባ አይገባበትም። ለቀዝቃዛ ውሃና ለደረቅ እህል ግን ጥሩ ዕቃ ነው። ሲጫር ወይም ውስጡ ሲደበዝዝ ለውጪው፤ ጭረቱ ውስጥ የሚደበቀውን ቆሻሻ ብሩሽ አያገኘውም። ቁጥር 5 ሙቀት ይችላል፤ የአይስክሬምና የማርጋሪን ዕቃ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ቁጥር 6 ቶሎ የሚሰባበረው ስሱ ኩባያ ነው፤ ለሙቅና ለቅባት አይሆንም።

በርበሬ በፕላስቲክ ማስቀመጥ ይቻላል። ግን ቀለሙና ቅባቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባልና ያ ዕቃ ከዚያ በኋላ የበርበሬ ብቻ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ላምባ፣ በረኪና፣ የመኪና ዘይት ወይም ፀረ ተባይ በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ። ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው፤ አንሥቶ ይጠጣዋል። ጽሑፍ መለጠፍ ማንበብ ለማይችል ልጅ ምንም አይፈይድም። ይህ ከደረሰ ልጁን ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥላል፣ ላምባ ከሆነ ደግሞ ወደ ሳንባው ይገባል። ጠርሙሱን ይዞ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነው። በተቃራኒውም ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ፣ ለጠላ፣ ለዘይት አይሆንም። ፕላስቲኩ ኬሚካሉን ጠጥቶታል፤ ቀስ እያለ መልሶ ይለቀዋል። ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ (የታጠበበት ውሃ ወደ ማሳው መርጫ ይገባል እንጂ ወንዝ ላይ አይደፋም) ሥሩ ይበሳ፣ ማንም እንዳይጠቀምበት።


ጓዳ_ጠባቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅሞኛል። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የዘይት ጀሪካኑ ታጥቦ የመጠጥ ውሃ ይያዝበታል? ለምስርና ለሽምብራው ደግሞ ሃይላንዱ ነቀዝ ይከለክላል የሚባለው እውነት ነው?


እህል_በረንዳ፦

እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን በትክክል ሲሞላ ነው። ነቀዝ አየር ይተነፍሳል። ግጥም ብሎ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት አየር ራሱ ይጨርሳትና ይሞታል። ዕቃው ግማሽ ከሆነ ለነቀዙ የሚበቃ አየር አለ፤ እህሉን ይጨርሰዋል። ስለዚህ እስከ አንገቱ፣ እስከ አፉ ነው። ሃይላንዱን ጠረጴዛ ላይ ጠብ ጠብ እያደረግሽ አስጠቅጥቂ፤ እህሉ ይወርዳል፤ እንደገና ጨምሪ። ባለ 2 ሊትሩ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ምስር ይይዛል። ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊና ዙሪያውን በፕላስተር ጠቅልዪው።

ማስገቢያው ጠባብ ስለሆነ አንዱን ሃይላንድ ከትከሻው በታች ቁረጪና አንገቱን ገልብጠሽ አፍ ለአፍ ግጠሚው፤ እህሉ ሳይደፋ ይገባል።

ቀድሞውኑ የተበሳ ፍሬ ካየሽ ከመሙላትሽ በፊት ንፊው፣ ልቀሚው። እንቁላሉ ፍሬው ውስጥ ስለሚሆን ዓይን አያየውም። ማቀዝቀዣ ካለ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 4 ቀን ማሳደር እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል። ከዚያ ሲወጣ ከረጢቱ እንደታሰረ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ፤ ወዲያው ከተከፈተ እህሉ ላይ ጤዛ ያርፍበታል።

ትልቁ አደጋ ያልደረቀ እህል ነው። አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ እርጥብ እህል ይሻግታል። ከማርማላታ ጠርሙሶችሽ አንዱ እዚህ ጋ መለኪያ ይሆናል፦ በጣም የደረቀ ጠርሙስ ውሰጂ፣ ሲሶውን እህሉን ሙዪ፣ ምጣድ ላይ የደረቀና የቀዘቀዘ ጨው 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ። ክደኚው፤ ለ1 ደቂቃ በደንብ ናጪው፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ተዪው። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ተመልሶ ይሰጣ። ጨው ሁሉ ከታች ከወረደና መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ ማሸግ ይቻላል።

ሲጠቀሙበት አንዱን ሃይላንድ ብቻ ክፈቱ። በየሳምንቱ አሥሩንም እየከፈቱ መቅዳት አየሩን መመለስ ነው። ለዘር የሚቀመጥ ከሆነም ይሠራል፤ ግን ፀሐይ የማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን። ሽሮ በዚህ መንገድ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ጠባብ አፍ ላይ ዱቄት ማውጣት ስለሚያስቸግር ግን እኔ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ነው የምመርጥለት።


ንጹሕ_ውሃ፦

ለዘይት ጀሪካኑ፦ ለመጠጥ ውሃ አልመክርም። ዘይቱ ፕላስቲኩ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል፤ ያ ቆዳ ሲያረጅ ጠረኑ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ቆሻሻም ይይዛል። ለልብስ ማጠቢያ፣ ለወለል፣ ለእጅ መታጠቢያ ግን እጅግ ጥሩ ዕቃ ነው። ማጠቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ሌሊት በአፉ ተደፍቶ ይንጠፍጠፍ። ሁለት እፍኝ የተነፋ ደረቅ አመድ ጨምሪና ነቅንቂው፤ አመዱ ዘይቱን ጠጥቶ ይወጣል። ከዚያ 1 ሊትር እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙናና አንድ ስኒ ሻካራ የታጠበ አሸዋ ከተሽ ክዳኑን ገጥመሽ 3 ደቂቃ ነቅንቂው። ብሩሽ የማይደርስበትን ማዕዘን አሸዋው ይፈገፍገዋል። ጣት ሲነካው መንሸራተቱን እስኪያቆም ድገሚው።

ውሃ ለሚያዝበት ለቢጫው ጀሪካን ደግሞ አረንጓዴው ሽበት የሚመጣው ብርሃን ስለሚያገኘው ነው፤ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። በሳምንት አንዴ በአሸዋና በሳሙና ከታጠበ በኋላ 1 ሊትር ውሃ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) ሽቶ የሌለው በረኪና ጨምረሽ ዘግተሽ ሁሉንም ጎን እንዲነካ ገለባብጪው፤ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቆይቶ ይደፋ። ክዳኑንና አንገቱን አትርሺ፤ እጅ የሚነካው እሱን ነው። በረኪናን ከአቼቶ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅዪ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሰው ሁለቱንም "ማጽጃ" ብሎ አንድ ላይ ሲደፋ ነው አደጋው።

ውሃውን ራሱን ለማከም፣ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ ለ1 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 2 ጠብታ ነው፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፣ ማለት 2 ሚሊ ሊትር። ነቅንቀሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ በአራት የታጠፈ ነጠላ ይጠለል፤ ደለሉ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። ፀሐይ ላይ የቆየ ወይም ከተከፈተ ወራት ያለፈው በረኪና ኃይሉ ስለሚደክም በዚህ ልክ አይታመንም። ውሃ አጋርና እሱን የመሰሉት ለውሃ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ የራሳቸው ልክ ዕቃው ላይ አለ፤ ያንን ተከተዪ።

መድኃኒት ከሌለ ሃይላንዱና ፀሐይ አሉ። ከ2 ሊትር ያልበለጠ፣ ቀለም የሌለው፣ ያልተጫረ ሃይላንድ ሌብሉን ልጠሽ ሦስት አራተኛውን ሙዪ፤ 20 ሰከንድ ነቅንቂ፤ ከዚያ ጢም አድርገሽ ሙዪና ቆርቆሮ ጣራ ላይ አጋድሚው። በጠራ ፀሐይ 6 ሰዓት ነው፤ ሰማዩ ከግማሽ በላይ ደመና ከሆነ ሁለት ተከታታይ ቀን። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲቀጥል አይሠራም። ጀርም ይገድላል እንጂ ኬሚካል አያስወጣም፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው የፍሎራይድ ውሃ በዚህም በማፍላትም አይስተካከልም።


አዋዜ_ወዳጅ፦

ጠርሙሱን ከነክዳኑ 10 ደቂቃ አፍልቶ ዳጣ ሞልቶ ዘይት ከላይ ማድረግ ነው፤ ያለ ማቀዝቀዣ ወራት ይከርማል። ለምን ታወሳስቡታላችሁ?


ወጥ_ቤት፦

ወንድሜ፣ ይህ መታረም አለበት፤ ሰው አንብቦ ይሠራበታል። ዳጣ ጥሬ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል ነው። ከላዩ ዘይት ሲሆንበት አየር አያገኝም፤ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚወደው ይህንኑ ነው፦ አየር የሌለበት፣ የማይጎመዝዝ፣ የክፍል ሙቀት ያለው ቦታ። መርዙ ነርቭ ይመታል፣ ትንፋሽ ያቆማል። ሽታም ጣዕምም ሳይለወጥ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ "አሽትቼ አየሁት" መፈተኛ አይሆንም።

የባክቴሪያው ዘር በ100 ዲግሪ አይሞትም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከከፍታው የተነሣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጭራሽ 100 አይደርስም። ጠርሙስ ለማጽዳት ማፍላቱ ጥሩ ነው፤ በባሕር ጠረፍ 10 ደቂቃ የሚባለው ግን እዚህ ወደ 18 ደቂቃ መሄድ አለበት። በየ300 ሜትሩ 1 ደቂቃ ይጨመራል። ጠርሙሱ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይጣድ፣ ከሥሩ ጨርቅ ይነጠፍለት። እንዲህ ሆኖም የጸዳው ጠርሙሱ ነው፤ የዳጣው ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የመጣ ነው።

ዘይት ያለው ዳጣ በማቀዝቀዣ ከ4 ቀን ባይበልጥ ይመረጣል። ብዙ ከተሠራ በትናንሽ ዕቃ ተከፍሎ በረዶ ቤት ይግባ። ለበረዶ ቤት ከአፉ እስከ ታች እኩል የሚወርድ ጠርሙስ ምረጡ፤ ትከሻ ያለው ጠርሙስ ሲቀዘቅዝ የሚያብጠው ነገር ትከሻው ላይ ተገፍቶ ይሰነጥቀዋል። 3 ሳንቲ ሜትር ይጉደል። በደረቅ በርበሬ የተሠራ አዋዜም ውሃ ወይም ነጭ ሽንኩርት ከገባበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው ቦታው።


ደጅ_አትክልት፦

ለተረፉት ሃይላንዶች አጭር ነገር። ባለ 2 ሊትሩን ከአፉ በኩል አንድ ሦስተኛው ላይ ቁረጪው። ክዳኑን በጋለ ሚስማር ብሺና 20 ሳንቲ ሜትር የጥጥ ጨርቅ ቅዳጅ አሳልፊበት፤ ግማሹ ወደ ታች ይንጠልጠል። አንገት ያለውን ገልብጠሽ ከታችኛው ላይ ክተቺው፤ ከታች ውሃ፣ ከላይ አፈር። አፈሩን ስትሞዪ ጨርቁን መሐሉ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ ከተጣጠፈና ከታች ከቀረ ውሃውን አይስበውም። መጀመሪያ ቀን አፈሩን ከላይ አጠጪው፤ ደረቅ ጨርቅ ራሱ አይጀምርም። በሶብላና ሰላጣ ደስ ይላቸዋል። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ሥራቸው እርጥበት ሲበዛበት ይበሰብሳልና ለእነሱ የዘይቱን ጀሪካን ግማሽ ላይ ቆርጠሽ፣ ሥሩን በጋለ ሚስማር 6 ቦታ በስተሽ፣ ከታች ሁለት ጣት ጠጠር አድርጊ። የውሃውን ክፍል በወረቀት ወይም በጨርቅ ጠቅልዪው፤ ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል። ፕላስቲክ በጋለ ሚስማር ስትበሺ ደጅ ላይ ይሁን፤ ጭሱ አይታፈን።


ጓዳ_ጠባቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክዳኖቹ ሶዳ ውስጥ ገብተዋል። የወተቱ ቆርቆሮ ጥሬውን ቡና ይይዛል?


ወጥ_ቤት፦

ጥሬ ቡና ይይዛል፤ ቆርቆሮው በስፌቱ በኩል እንዳልዛገ በጣት አብሰሽ እዪና በወረቀት ከረጢት አድርገሽ ክተቺው። ጨው፣ አዋዜና የቲማቲም ድልህ ግን ቆርቆሮ ይበላሉ፤ እነሱ በመስታወት። የተቆላ ቡናም ጠረኑ በዚያ የፕላስቲክ ክዳን ስለሚያመልጥ በጠርሙስ ይሻላል።

የሞላሽበትን ቀን ደግሞ ክዳኑ ላይ አትጻፊ። ክዳን ሲታጠብ ከሌላው ጋር ይለዋወጣል፤ የጥቅምቱ በርበሬ የመጋቢቱን ስም ይይዛል። ወረቀት ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፈሽ ጠርሙሱ ሆድ ላይ ለጥፊው።